የሳዳኮ ታሪክ በመምህር ዓይን ሲመረመር

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኤሊኖር ኮር እ.ኤ.አ. በ1977 ለልጆች ያቀረቡት የሳዳኮና የሺህ የወረቀት ወፎች ታሪክ በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ይነበባል። ባለታሪኳ ሳዳኮ ሳሳኪ ሂሮሺማ በአቶሚክ ቦምብ በተመታችበት በ1945 የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። በ1955 መጀመሪያ በደም ካንሰር ሆስፒታል ገብታ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 25 ቀን በ12 ዓመቷ ዐረፈች።

ደራሲዋ ሕመሙንና ሞቱን ሳይሸፋፍኑ ለሕፃናት በሚገባ ቋንቋ መግለጻቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ሳዳኮ 644 ወፎች አጣጥፋ እንደ ሞተች፣ የቀሩትን 356 የክፍል ጓደኞቿ እንደ ፈጸሙላት ይተርካል። ወንድሟና የሂሮሺማ የሰላም መታሰቢያ ሙዚየም ግን ራሷ ከሺህ በላይ እንደ ሠራች ያስረዳሉ።

ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። በመጽሐፉ ውስጥ ሕመምተኛዋ ሥራዋን ሌሎች የሚጨርሱላት ምስኪን ናት፤ በእውነቱ ግን የጀመረችውን የፈጸመች ተማሪ ነበረች። በጽኑ የታመመን ልጅ ከማዘን ብዛት ከሥራ ሁሉ ነፃ የሚያደርግ መምህርም ያንኑ ስሕተት ይደግማል።

ጓደኞቿ ባስተባበሩት መዋጮ የቆመው የሕፃናት ሐውልት በ1958 ተመርቋል። ሐውልት ግን ለሞተ ነው፤ ደብተር፣ ጥያቄና እርማት በሕይወት ላለ ነው። ስለሆነም መጽሐፉን በክፍል የሚያስነብብ መምህር፣ አልጋ ላይ ለዋለ ተማሪ ከክፍሉ ምን እንደሚደርሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።