«ሙሉ የቪታሚንና የማዕድን ምርመራ»፦ ውጤቱን ማን ያንብበው?

ከሁለት ዓመት በፊት በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ የሚገኙ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ሁለት ገጽ የላቦራቶሪ ውጤት በፖስታ ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። «ዶክተር፣ ቪታሚን አንሶሻል ተብዬ ሦስት ወር ሙሉ መድኃኒት ወሰድኩ፤ ድካሙ ግን ጭራሽ ባሰብኝ» አሉኝ። በወረቀቱ ላይ ዐሥራ አራት ምርመራዎች ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ ውስጥ ቪታሚን ዲ፣ ዚንክና በደም ውስጥ ያለው አይረን ወደ ታች ያመለከተ ቀስት ተደርጎባቸዋል። ፌሪቲን 64 ማይክሮግራም በሊትር ስለነበረ ምልክት ሳይደረግበት ታልፏል። ለእያንዳንዱ ቀስት አንድ አንድ መድኃኒት ታዝዟል።

ሌሊት ያልብዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አንሶላው እስኪርስ ድረስ፤ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም» አሉ። አንገታቸውን ስዳስስ በግራ በኩል እርስ በርሳቸው የተያያዙ ያበጡ እጢዎች አገኘሁ። በዚያ ውድ ዝርዝር ውስጥ ያልተካተተው ርካሹ የኢ.ኤስ.አር. ምርመራ 86 ሆኖ መጣ። ከእጢው በመርፌ የተወሰደው ናሙና የእጢ ቲቢ መሆኑን አረጋገጠ። ሕመምተኛዋ የስድስት ወር ሕክምናቸውን ጨርሰው ያለ ዚንክና ያለ ቪታሚን ኪኒን ጉልበታቸው ተመልሷል።

ይህን ታሪክ የማነሣው የትኛውንም ተቋም ለመውቀስ አይደለም። ዛሬ በከተሞቻችን «ሙሉ የቪታሚንና የማዕድን ምርመራ» እየተባለ በጥቅል የሚሰጠውን አገልግሎት እንደ አንድ ጽሑፍ አንብቦ መተቸት ተገቢ መስሎ ስለታየኝ ነው። የውጤት ወረቀትም እንደ ማንኛውም ጽሑፍ በትክክልም በስሕተትም ሊነበብ ይችላል። የእኒህ ሴት ወረቀት እውነቱን በግልጽ ይናገር ነበር፤ የጎደለው አንባቢ ነው።

የቀስቱ ሒሳብ

የመጀመሪያው ጉድለት የሒሳብ ነው። አብዛኛው የመደበኛ መጠን ወሰን የሚወጣው ከጤነኞች መካከል 95 በመቶውን እንዲያቅፍ ተደርጎ ነው። ስለዚህ አንድ ፍጹም ጤነኛ ሰው በአንድ ምርመራ ከወሰኑ ውጪ የመሆን ዕድሉ 5 በመቶ ነው። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ 14 ምርመራዎች በአንድ ጊዜ ቢደረጉለት ግን ቢያንስ አንድ ቀስት የማግኘት ዕድሉ ወደ 51 በመቶ ከፍ ይላል። ምርመራዎቹ 20 ቢሆኑ 64 በመቶ ይደርሳል። በጥቅል የሚታዘዝ ምርመራ ከጤነኛው ግማሽ የሚሆነውን «ታማሚ» አድርጎ እንደሚያወጣ ገና ደም ከመቀዳቱ በፊት የታወቀ ነው ማለት ነው።

በደም ውስጥ ያለውና በሰውነት ውስጥ ያለው

ሁለተኛው ጉድለት የደም መጠንን ከሰውነት ክምችት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። ከሰውነታችን ማግኒዥየም ውስጥ በደም ፈሳሽ የሚገኘው ከ1 በመቶ አይበልጥም። የካልሲየም መጠን ከአልቡሚን ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ የምግብን እጥረት በቀጥታ አያመለክትም። ቪታሚን ኤን ጉበት ስለሚቆጣጠረው፣ ክምችቱ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ የደም መጠኑ አይቀንስም።

ከሁሉ የከፋው ብግነትን መዘንጋት ነው። ሰውነት ከተሕዋስያን ጋር ሲታገል ዚንክና አይረን ከደም እየሸሹ ወደ ሕብረ ሕዋሳት ይገባሉ። ቪታሚን ኤ እና ቪታሚን ዲም ዝቅ ብለው ይታያሉ። ፌሪቲን ግን በተቃራኒው ከፍ ይላል። በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለጤነኛ አዋቂ የአይረን እጥረት መለያ አድርጎ ያስቀመጠው ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች ሲሆን፣ ኢንፌክሽን ወይም ብግነት ላለበት አዋቂ ግን ከ70 በታች ነው። የሕመምተኛዬ 64 እንግዲህ «መደበኛ» ሊባል የሚችለው ብግነት የሌለባቸው ቢሆን ኖሮ ነው። ዝቅተኛ ዚንክ፣ ዝቅተኛ አይረን፣ ዝቅተኛ ቪታሚን ዲ በአንድነት ሲታዩ ሊያስጠይቁ የሚገባው «የትኛውን ኪኒን ልዘዝ?» የሚል ሳይሆን «ይህን ሰው ምን እያቃጠለው ነው?» የሚል ነው።

ወሰኑ የማን ነው?

ሦስተኛው ጉድለት በወረቀቱ ቀኝ ዳር የሚታተመውን ቁጥር ያለ ጥያቄ መቀበል ነው። የቪታሚን ዲ ውጤት በአንዱ ላቦራቶሪ በናኖግራም በሚሊሊትር፣ በሌላው በናኖሞል በሊትር ይጻፋል። የመጀመሪያው 20 ከሁለተኛው 50 ጋር እኩል ነው። መለኪያውን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ማየት ጤነኛውን እጥረተኛ፣ እጥረተኛውን ጤነኛ ያደርጋል።

ሄሞግሎቢንም ከዚህ የተለየ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሻሻለው መመሪያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 እስከ 2499 ሜትር ለሚኖሩ፣ ማለትም ለአብዛኛው የአዲስ አበባ ነዋሪ፣ 1.4 ግራም በዴሲሊትር ማስተካከያ ያዛል። በዚህ ስሌት እርጉዝ ላልሆነች ሴት ወሰኑ ከ12 ወደ 13.4 ከፍ ይላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሄሞግሎቢን በአማካይ ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 መሆኑን አሳይቷል። ይህ በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም የማይርቅ ነው። እንግዲያው ለሌሎች ደገኞች የተሠራው ማስተካከያ ለእኛ ምን ያህል እንደሚገጥም ራሳችን ልንጠይቅ ይገባል። ሐኪሙ ይህን ሳያመዛዝን በማሽን በታተመ ወሰን ብቻ ቢፈርድ ፍርዱ የእርሱ ሳይሆን የማሽኑ ነው።

ያለ ምርመራ የሚሰጠው

እዚህ ላይ አንባቢ «እጥረት በአገራችን የለም እያልክ ነውን?» ሊለኝ ይችላል። በፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 እስከ 59 ወር ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራው ጥናት በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ ሪኬትስ የመገኘቱ ዕድል ካልታመሙት ጋር ሲነጻጸር ከ13 እጥፍ በላይ መሆኑን አስመዝግቧል። ዐሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚባልባት አገር ሕፃን ተጠቅልሎ በጨለማ ቤት ስለሚውል የሚመጣ ሕመም ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህን ችግሮች የሚያቃልሉት እርምጃዎች በአብዛኛው የግለሰብ ደም መለካት አያስፈልጋቸውም። እርጉዝ እናት አይረንና ፎሊክ አሲድ የምታገኘው ፌሪቲኗ ሳይለካ ነው። ሕፃናት በየስድስት ወሩ ቪታሚን ኤ የሚሰጣቸው፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅም ለ10 ወይም ለ14 ቀን ዚንክ የሚታዘዝለት ያለ ላቦራቶሪ ነው። የአዮዲን እጥረትን ለመከላከል የተመረጠው መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መሠረት ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ ነው። በሽንት የሚለካው አዮዲንም ቢሆን የአንድን ማኅበረሰብ ሁኔታ እንጂ የአንድን ግለሰብ አይናገርም፤ ከቀን ቀን ይለዋወጣልና። ሕፃኑን በጠዋት ፀሐይ የምታሞቅ እናት ከማንኛውም የቪታሚን ዲ ውጤት የተሻለ ሥራ ሠርታለች።

ጤነኛ አዋቂን በቪታሚን ዲ ምርመራ ማሰስ ያለውን ጥቅም በተመለከተም የአሜሪካ የኢንዶክሪን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ የዘወትር ምርመራን አልደገፈም። ከ25 ሺሕ በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና «ቫይታል» የተሰኘው ጥናትም፣ ሳይመረጡ ቪታሚን ዲ የተሰጣቸው አዋቂዎች ከካንሰርም ሆነ ከልብና ከደም ሥር ሕመም፣ እንዲሁም ከአጥንት ስብራት የበለጠ እንዳልተጠበቁ አሳይቷል።

መመርመር የሚገባው ማን ነው?

ትችቴ ምርመራን ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነው ምርመራው የማያስፈልገው ሰው ሲመረመር የሚያስፈልገው ሳይመረመር መቅረቱ ነው። ለዓመታት ሜትፎርሚን የሚወስድ፣ እግሩ የሚደነዝዝ የስኳር ሕመምተኛ ቪታሚን ቢ12 ሊለካለት ሲገባ ድንዛዜው ሁሉ በስኳር ይሳበባል። ከዓመት እስከ ዓመት የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምሱ፣ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎችም እንዲሁ። ለእነዚህ ሰዎች ቢ12 ሳይታይ ፎሊክ አሲድ ብቻ መስጠት የደም ማነሱን አሻሽሎ የነርቭ ጉዳቱ ተሸሽጎ እንዲቀጥል ያደርጋል። የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት፣ ሥር የሰደደ ተቅማጥ ያለበት ሰው፣ ሁክዎርም በሚበዛበት አካባቢ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ ፌሪቲን ሊታይላቸው ይገባል። «ጤፍ የሚበላ ሰው አይረን አያንሰውም» የሚለውም አባባል ሊታረም ይገባዋል። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው አይረን ከፊሉ ከአውድማ አፈር የመጣ ነው፤ በእህሉ ያለው ፋይቴትም ሰውነት አይረኑን እንዳይወስድ ይይዘዋል።

ትክክለኛው ምርመራ ለትክክለኛው ሰው ቢደረግ እንኳ ሥራችን በዚያ አያበቃም። ይህን ከራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁ። ከተመረቅሁ በሦስተኛው ዓመት አንድ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት የደም ማነስ ይዘው መጡ። ፌሪቲን አዘዝኩ፤ 6 ሆነ። ምርመራው ትክክል፣ ውጤቱም ትክክል ነበር። የአይረን ኪኒን ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ሄሞግሎቢናቸው ሲሻሻል ደስ አለኝ፤ «ልጄ፣ እጅህ መድኃኒት ነው» ብለውም መረቁኝ። በዘጠነኛው ወር አንጀታቸው ተዘግቶ በድንገተኛ ክፍል ሳገኛቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ወደ ጉበት ተሰራጭቶ ነበር። የወር አበባ የማያይ ሰው አይረን ቢያጥረው ደሙ የሚፈስበት ቦታ መፈለግ እንዳለበት ተምሬ ነበር። ያዘዝኩት ምርመራ መልስ ስለሰጠኝ ጥያቄውን ያቆምሁት እኔ ነኝ። ምርቃታቸው እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ማጠቃለያ

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። እጥረት በራሱ የሕመም ስም አይደለም፤ ምክንያት ያለው ምልክት ነው። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ ማዘዣ ከመጻፋቸው በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ራሳቸውን እንዲጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ታሪኩንና አካላዊ ምርመራውን ጨርሻለሁን? ሁለተኛ፣ ውጤቱ ዝቅ ቢል ወይም መደበኛ ቢሆን የማደርገው ነገር ይለያያልን? ሦስተኛ፣ እጥረት ቢገኝ ምክንያቱን እስከ መጨረሻው እከታተላለሁን? ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «አይለያይም» ከሆነ የሕመምተኛው ገንዘብ በኪሱ ቢቆይ ይሻላል። ለሦስተኛው መልሱ «አልከታተልም» ከሆነ ደግሞ ምርመራው ባይታዘዝ ይመረጣል፤ ሕመምተኛውንም ሐኪሙንም በሐሰት ያረጋጋልና።

የላቦራቶሪ ባለሙያዎቻችንም ድርሻ አላቸው። በውጤት ወረቀት ላይ መለኪያውን በግልጽ መጻፍ፣ ፌሪቲን ሲጠየቅ ሲ.አር.ፒ. ወይም ኢ.ኤስ.አር. አብሮ እንዲታይ ማሳሰብ፣ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የሚወስድ ሰው የሆርሞን ውጤቱ ሊዛባ እንደሚችል ማስታወስ ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን እዚያ የምርመራ ክፍል ውስጥ አንገት የሚዳስስ እጅና ሌሊት ያልብዎታል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንደበት ያስፈልጋል። ይህ ምርመራ በየትኛውም ጥቅል ውስጥ አይገኝም።