የደማስቆ አቤቱታ፦ የአል-በላዙሪ ዘገባና የእኛ አነባበብ

የደማስቆው የኡመውያ ጃሚዕ መስጊድ በደርሶቻችን ውስጥ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በግርማው ነው። የቆመበትን ስፍራ ታሪክ ግን «ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ መስጊድ ሆነ» ብለን እናልፈዋለን። አል-በላዙሪ (ሞት 279 ሂጅራ) በ«ፉቱሕ አል-ቡልዳን» ያቆዩልን ዘገባ ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው።

በዘገባው መሠረት ሙዓዊያህ (ረ.ዐ.) የቅዱስ ዮሐንስን ቤተ ክርስቲያን ወደ መስጊዱ ለመቀላቀል ፈለጉ፤ ክርስቲያኖቹ እምቢ ሲሉ ተዉት። ዐብዱልመሊክም ገንዘብ አቅርበው እምቢ ተባሉ። አል-ወሊድ (86–96 ሂጅራ) ግን እምቢታውን ሳይቀበሉ ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሱት። ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ (99–101 ሂጅራ) ኸሊፋ ሲሆኑ ክርስቲያኖቹ አቤት አሉ፤ እርሳቸውም ወደ መስጊዱ የተጨመረው እንዲመለስላቸው ለሹማቸው ጻፉ። የከተማይቱ ሙስሊሞች፣ ፉቀሃኡም ጭምር፣ ይህ ከበዳቸው። ስለዚህ በጉጣ በኃይል የተያዙት አብያተ ክርስቲያናት ለክርስቲያኖቹ እንዲሰጡ፣ እነርሱም በዮሐንስ ላይ ያላቸውን ጥያቄ እንዲተዉ ሐሳብ አቀረቡ። ስምምነት ሆነ፤ ኸሊፋውም አጸደቁት።

የዘገባው ብርታት የገዛ ወገኑን ጥፋትና የተበዳዮቹን አቤቱታ አለመደበቁ ነው። ጉድለትም አለው፦ ክርስቲያኖቹ በስምምነቱ መደሰታቸውን ይነግረናል እንጂ ቃላቸውን አያሰማንም። ሶላት በሚሰገድበት ስፍራ ላይ፣ ሥልጣን ያለው ወገን ላቀረበው ድርድር የተሰጠ እሺታ ምን ያህል ነጻ ነበር? ጸሐፊው ይህን አልጠየቁም፤ አንባቢ ግን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ነገሩ ከሀገራችን የራቀ አይደለም። ሐረር በ1887 እ.ኤ.አ. በምኒልክ ጦር ከተያዘች በኋላ፣ በፈረስ መጋላ ግብጾች ያሠሩት መስጊድ በነበረበት ስፍራ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታንጿል። የሐረሩን በፍትሕ ቋንቋ፣ የደማስቆውን ግን በድል ቋንቋ ብቻ የምናስተምር ከሆነ ሁለት ሚዛን ይዘናል ማለት ነው። የሱረቱል ማኢዳህ 8ኛ አንቀጽ በሰዎች ላይ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ያስጠነቅቃል።

እዚህ ልደታ፣ የሰፈሩ ስም ራሱ ከቤተ ክርስቲያን በመጣበት፣ ደርስ የሚቀመጡ ልጆች በቀለም ትምህርት ቤት ከክርስቲያን እኩዮቻቸው ጋር በአንድ ዴስክ ይማራሉ። የሰሙትን ይዘው መሄዳቸው አይቀርም። ስለዚህ መምህራንና ኢማሞች የደማስቆን መስጊድ ሲያወሱ የአል-ወሊድን ስም ብቻውን ባይጠሩ እንመክራለን፤ እምቢታን ሰምተው የተመለሱት ሁለቱ፣ አቤቱታን ሰምተው የፈረዱት ዑመርም አብረው ይነገሩ።