ቀለምን የሚበላ ቀለም

በቋንቋችን ‹‹ቀለም›› የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። የቆሎ ተማሪው ብዕሩን የሚያጠቅሰው ከቀለም ነው፤ ግድግዳ የሚለብሰው ቀለም ነው፤ ትምህርትም ራሱ ቀለም ይባላል። የተማረውን ‹‹የቀለም ሰው›› ብለን እናከብራለን፤ ትምህርት እምቢ ያለውን ልጅ ደግሞ ‹‹ቀለም አይዘልቀውም›› ብለን ከመጨረሻው ወንበር እናስቀምጠዋለን። ‹‹እርሳስ››ም ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። ሕፃን ሀ ሁ የሚጭርበት እንጨት እርሳስ ነው፤ የጥይት አረር የሚሠራበት ከባድ ማዕድንም እርሳስ ነው። የሚገርመው በመጻፊያው እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም፤ ያለው ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዘር ነው። እውነተኛው እርሳስ ለረጅም ዘመን ተደብቆ የኖረው ወላጅ በማይጠረጥረው ቦታ፣ በበርና በመስኮት ቅብ ውስጥ ነው። ሁለቱ ቃላት የሚገናኙት እዚያ ላይ ነው፤ የዛሬው ሂሴም በዚሁ መገናኛ ላይ ያተኩራል።

አንባቢ ‹‹የሥነ ጽሑፍና የባህል መጽሔት ስለ በር ቅብ ምን አገባው?›› ቢል አልፈርድበትም። ለመሆኑ ግን የአዲስ አበባ ሰው በዓመት ስንት ጊዜ የሥዕል ትርዒት ይመለከታል? አንድ ጊዜ የሚመለከተውም ጥቂት ነው። የላሜራ በር ግን ሁላችንም በየቀኑ እናያለን። እኔ በምኖርበት በብስራተ ገብርኤል፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብለው ባሉት መንደሮች፣ በሮቹ ግራና ቀኝ ተሰድረው የሚጠብቁት አላፊ አግዳሚውን ነው። አንዱ በያጅ ላሜራውን በአልማዝ ቅርጽ ከፋፍሎታል፤ ሌላው በመሃሉ ሁለት አንበሶች አፋጥጧል፤ ሦስተኛው ከላይ የጦር ጫፍ ደርድሮ ጫፎቹን ወርቅማ ቀለም አልብሷል። ጥቁር አረንጓዴው፣ ደማቁ ቀይ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለው ቢጫ በየተራ ይመጣሉ። የሠሪው ፊርማ የለባቸውም። የሕዝብ ሥዕል ማለት ይኼ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

እንደ ጥበብ ስመዝናቸው የምወድላቸው ነገር አለ። የአልማዙ ድግግሞሽ ምት አለው፤ አንበሶቹም በያጁ እንጂ መጽሐፍ ያላስተማራቸው የራሳቸው ፈገግታ አላቸው። የማልወደው ድምቀትን ከውበት ጋር አንድ አድርጎ ማየቱን ነው። ከቀለም መደብር ደጃፍ ቆማችሁ የገዢውን ጥያቄ አድምጡ። ‹‹ያበራል?›› ‹‹ይታጠባል?›› ‹‹ፀሐይ አያደበዝዘውም?›› ‹‹በአንድ እጅ ይሸፍናል?›› አራቱም በጎ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚከፈለው ብር የላብ ዋጋ ነውና። ‹‹ምን አለበት?›› የሚል ገዢ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ይኸው መለኪያ ከውጪው በር አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው ኮሪደር፣ ግድግዳው ከላይ በውሃ ቀለም፣ ከወለሉ እስከ ሰው ደረት ድረስ ግን በዘይት ቀለም ተቀብቶ ማየት የተለመደ ነው። እንዲታጠብ ነው። የአዋቂ ደረት ማለት ግን የሕፃን ራስ ማለት ነው። የሕፃን እጅ የሚዳስሰው፣ ትከሻው የሚታከከው፣ ጥፍሩ የሚልጠው ያንኑ ክፍል ነው።

ያ ድምቀት ከየት ይመጣል? ቢጫው ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረው ሊድ ክሮሜት ከሚባል፣ የእርሳስና የክሮሚየም ውሕድ ከሆነ ዱቄት ነው። ብርቱካንማውና ደማቁ ቀይ በዚሁ ላይ ሞሊብዴነም ተጨምሮበት ይገኛል። አረንጓዴውም ይኸው ቢጫ ከሰማያዊ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣ ነው። ከብረት በር ሥር የሚቀባው ፀረ ዝገት ሳይቀር ብርቱካንማ ከሆነ የእርሳስ ኦክሳይድ ይዘጋጅ ነበር። አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ቀይ ሁሉ እርሳስ አይደለም፤ ወደ ቡናማ የሚያደላው ቀይ ብዙውን ጊዜ የብረት ኦክሳይድ ነው። ያለ እርሳስ የሚሠራ ቢጫም አለ። ችግሩ በዓይን አለመለየቱ ነው፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ይሁንና አንድ ነገር ይከነክነኛል። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ በየኪዮስኩና በየትምህርት ቤቱ አጥር በፍቅር የምንደረድራቸው ሦስቱ ቀለሞች፣ የቀለም ፋብሪካዎች እርሳስን አብዝተው ሲጠቀሙባቸው ከኖሩት መካከል ናቸው።

ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ200 ዓመት በፊት አንድ አሜሪካዊ ቤቱን ለማስቀባት ሲነሳ ከመደብር የተዘጋጀ ጋሎን አይገዛም ነበር። የሚገዛው ነጭ እርሳስ ነው፤ በዱቄት መልክ ወይም በዘይት ተለውሶ በበርሜል የታሸገ፣ ብዙውን ጊዜም ከእንግሊዝ በመርከብ የመጣ። ቀለም ቀቢው ዱቄቱን በድንጋይ ላይ በእጁ ፈጭቶ በተልባ ዘይት ይለውሰዋል፤ እኛ ለሆድ ድርቀት የምንጠጣው ተልባ መሆኑ ነው። ነጭ እርሳሱ ራሱ አሠራሩ ያስገርማል። የእርሳስ ጥቅል ከኮምጣጤ ጋር በሸክላ ይቀመጥና በፈረስ ፋንድያ ተከብቦ ለወራት ይቆያል፤ የፋንድያው ሙቀትና ትንፋሽ እርሳሱን ወደ ነጭ ቅርፊት ይለውጠዋል። በ1804 ሳሙኤል ዌዘሪል ይህንኑ ሥራ በፊላዴልፊያ ከተማ በፋብሪካ ደረጃ ጀመረ። የእኛ እናቶች በእበት ግድግዳ ሲለቀልቁ፣ የዚያ አገር ሰዎች በፋንድያ መርዝ ያበስሉ ነበር ማለት ነው።

ነጭ እርሳስን የመረጡት ግን ሞኝ ስለነበሩ አይደለም። ነጭ እርሳስ በሚገባ ይሸፍናል፤ ከእንጨቱ ጋር ይለጠጣል፤ ዝናብና ፀሐይ ይችላል። የተቀባ ቤት የባለቤቱ ክብር መግለጫ ነበር። የብስራተ ገብርኤሉ ገዢ ዛሬ የሚጠይቃቸውን አራት ጥያቄዎች የፊላዴልፊያውም ጠይቋቸዋል፤ ነጭ እርሳስም ለአራቱ መልስ ነበረው።

ጉዳቱስ ተደብቆ ነበር? አልነበረም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ የሠዓሊዎችን ሕመም ከቀለማቸው ጋር አያይዞታል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1786 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ እርሳስ በየሙያው የሚያደርሰውን ጉዳት ካተተ በኋላ፣ ነገሩ ከታወቀ ከ60 ዓመት በላይ መሆኑን አንስቶ፣ ጠቃሚ እውነት ሥራ ላይ እስኪውል ምን ያህል እንደሚዘገይ በቁጭት አስገንዝቧል። በ1904 ሎክሃርት ጊብሰን የተባለው አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም የኩዊንስላንድ ሕፃናት የሚመረዙት ከተቀባው የበረንዳ አጥርና ከክፍላቸው ግድግዳ መሆኑን ጻፈ። በ1921 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነጭ እርሳስን በሕንፃ ውስጥ ቅብ የሚገድብ ስምምነት አወጣ። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን የእርሳስ ቀለም እንዳይሸጥ የከለከለችው ግን በ1978 ነው። ከፍራንክሊን ደብዳቤ እስከዚያ እገዳ 192 ዓመት አለፈ። በእውቀቱና በሕጉ መካከል የቆሙት የፋብሪካ ጥቅም፣ ማስታወቂያና የደመቀ ቤት ፍቅር ናቸው።

እርሳስ በልጅ ላይ ምን ያደርጋል? ሰውነት ከካልሲየም ለይቶ አያውቀውም፤ ስለዚህ አምኖ ያስገባዋል፣ በአጥንትም ያከማቸዋል። ወደ አንጎልም ይዘልቃል። ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚገባው ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ብረትና ካልሲየም ያነሰው፣ ማለትም በቅጡ ያልበላ ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ልጁ አይጥለውም፣ አያስጮኸውም። ትኩረቱ ይበተናል፤ ማስታወስ ያቅተዋል፤ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ ‹‹ቀለም አይዘልቀውም›› ብለን ከመጨረሻው ወንበር ካስቀመጥናቸው ልጆች መካከል፣ ቀለም ዘልቆት የቀረ ስንት ይኖር ይሆን? የቅኔ አዋቂዎች ይፍቀዱልኝና፣ ሰሙ ቅብ ነው፣ ወርቁ ትምህርት ነው፤ ሰሙ ወርቁን በላው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በዘጠኝ አገሮች ገበያ የሚሸጡ የዘይት ቀለሞችን አስመርምሮ ባሳተመው ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች። በጥናቱ ከተመረመሩት ቀለሞች አብዛኞቹ ያደጉት አገሮች ለራሳቸው ካስቀመጡት ወሰን በላይ እርሳስ ይዘው ተገኝተዋል። በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የእርሳስ ቀለምን የሚቆጣጠር ደንብ ቁጥር 429 አወጣ። ወሰኑ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ ነው። አሜሪካ ራሷ ከ600 ወደ 90 የወረደችው በ2009 ነበር። በወረቀት ላይ ያለን መዘግየት ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው ማለት ነው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባል።

ሆኖም ደንቡን እንደ አንድ ሥራ ስመዝነው፣ የሚያነጋግረው ፋብሪካውን፣ አስመጪውንና ነጋዴውን ነው። የነገውን ጋሎን ይጠብቃል፤ የትናንቱን ግድግዳ ግን ማን ይጠብቅ? ደንብ ስለወጣ በየበሩ ላይ ተነባብሮ የኖረው ቅብ አልወረደም። የሚወርደው ቀቢው ሲፍቀው ነው፤ የሚወርደውም በልጆች መጫወቻ ላይ ነው።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ቤት ሁሉ ለበዓል ሲታደስ፣ በሠፈራችን አንድ አዛውንት ቀለም ቀቢ አሮጌ በር በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ አገኘኋቸው። ከቢጫው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ብርቱካንማ ወጣ። ብናኙ ቱታቸውን፣ ሽፋሽፍታቸውን፣ በአጠገባቸው የተቀመጠውን ዳቦ አልብሶታል።

‹‹ጋሼ፣ አፍዎን አይሸፍኑም?›› አልኳቸው።

‹‹ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የተነፈስኩት ነው›› አሉኝ። ‹‹የሚያፍነኝስ ተነሩ ነው፤ አቧራው ሽታ እንኳ የለው።››

ቱታውን ማን እንደሚያጥበው ጠየቅኋቸው። ‹‹ባለቤቴ ናታ፤ ከልጅ ልጆቹ ልብስ ጋር ትነክረዋለች›› ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ያ በር እርሳስ ይኑረው አይኑረው እሳቸውም እኔም በዓይናችን ልንለይ አንችልም። ስለዚህም ነው አሮጌ የዘይት ቅብን ሁሉ እንዳለበት ቆጥሮ መያዝ የሚሻለው። ያልተላጠ ቅብ ከሆነ ሳይፍቁ በላዩ መደረብ፤ መፋቅ ግድ ከሆነ ውሃ እየረጩ፣ ከሥር ፕላስቲክ አንጥፎ ፍቅፋቂውን መሰብሰብ፤ በእሳት አለማቃጠል፤ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ማራቅ፤ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት፤ ሳይታጠቡ አለመብላት፤ የሥራ ልብስን ለብቻ ማጠብ። ይህን ለቀቢዎቻችን በሚገባቸው ቋንቋ የነገራቸው ማን ነው? ሽታ ያለውን ጠላት ያውቁታል፤ ሽታ የሌለውን ማስተዋወቅ የእኛ የጸሐፊዎች፣ የጋዜጠኞችና የአሠሪዎች ፈንታ ነው።

‹‹ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ እየተባለ ነውን?›› የሚል ይኖራል። አይደለም። ነገር ግን ቀለም መርዝ ሳይሸከም ትርጉም መሸከም እንደሚችል ከራሳችን ቤት ማስረጃ አለ። በሐረር ቤቶች ውስጥ መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ቀዩም በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይባላል። ይህ አፈር አያብረቀርቅም፤ ግን ታሪክ ይናገራል። ዘመናዊውም ቀለም ቢሆን ያለ እርሳስ መሠራት ከጀመረ ቆይቷል። ነጩ እርሳስ ቦታውን ለቲታኒየም ኦክሳይድ ከለቀቀ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ለቢጫውና ለቀዩም ምትክ ተገኝቷል። ምትኩ አንዳንዴ ዋጋው ይጨምራል፤ አንዳንዴም ሁለት እጅ መቀባት ይጠይቃል። የአንድ እጅ ቅብ ትርፍ ከአንድ ልጅ ትምህርት ጋር በሚዛን ላይ ሲቀመጥ የትኛው እንደሚደፋ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም።

ሐያሲ ሥዕልን ሲመለከት መስመሩን፣ ቅንብሩን፣ ድምቀቱን ይመረምራል። ለበራችን ሲሆን ግን አንድ መለኪያ መጨመር አለበት፤ ቀለሙ ከተሠራበት ነገር ጋር አብሮ የሚመዘን መለኪያ። ልጅ የሚልሰው ሥዕል በዓይን ብቻ አይመዘንም። ለገዢውም የምለው ይህንኑ ነው። ከመደብሩ ደጃፍ ስንቆም አራቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ፤ ያበራል? ይታጠባል? ይቆያል? ይሸፍናል? ከዚያ ጋሎኑን ከማንሳታችን በፊት አምስተኛውን እናስከትል፤ ‹‹ወንድሜ፣ እርሳስ አለበት?›› ሻጩ ላያውቅ ይችላል። አሥረኛው ገዢ ሲጠይቀው አስመጪውን ወይም ፋብሪካውን መጠየቁ ግን አይቀርም።