የገደሉ ጥላና የሰማዩ ብርሃን

በጥቅምትና በኅዳር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል የሚወርደው የስሜን ተራሮች ሰሜናዊ ገደል ሰማዩ ከፈካ በኋላም በጥላ ውስጥ ይቆያል። ይህን መልክዓ ምድር በአንድ ቀረጻ ለመያዝ የሚሞክር ጀማሪ ብርሃኑን ለሰማዩ ሲመጥን ገደሉ ይጨልምበታል፤ ለገደሉ ሲመጥን ደግሞ ሰማዩ ነጥቶ ደመናው ይጠፋበታል። ካሜራ ዝርዝር ሳያጠፋ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በጨለማውና በብሩሁ መካከል ያለው ስፋት ዳይናሚክ ሬንጅ ይባላል፤ የሚለካውም በስቶፕ ሲሆን፣ አንድ ስቶፕ የብርሃን መጠን በእጥፍ መጨመሩን ወይም በግማሽ መቀነሱን ያመለክታል። ኤችዲአር በተለያየ የብርሃን መጠን የተነሡ ምስሎችን በማዋሐድ ይህን ስፋት የማስፋት ዘዴ ነው።

ችግሩ ከዲጂታል ካሜራ በእጅጉ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ፎቶ ይነሣበት የነበረው በኮሎዲዮን የተቀባ መስታወት ለሰማያዊ ብርሃን እጅግ ስሱ ስለነበረ ሰማዩ ባዶ ሆኖ ይወጣ ነበርና፣ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በአንዳንድ የባሕር ምስሎቹ ሰማዩን ከአንድ ኔጋቲቭ፣ ባሕሩን ከሌላ ኔጋቲቭ ወስዶ በአንድ ወረቀት ላይ አትሟል። የኮምፒውተር ተመራማሪዎቹ ፖል ደበቬክና ጂቴንድራ ማሊክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 የአንድን ትዕይንት እውነተኛ የብርሃን መጠን ከተለያዩ ቀረጻዎች በስሌት የማውጣት ዘዴ አቀረቡ።

ኤችዲአርን የሚሞክር ጀማሪ ካሜራውን በትራይፖድ ላይ ካቆመ በኋላ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሱነት) በ100፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) በኤፍ 11 አጽንቶ የሹተሩን ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ብቻ ይለዋውጣል፤ አፐርቸሩ ከተለወጠ ጥርት ብሎ የሚታየው የርቀት መጠን ስለሚለወጥ ምስሎቹ በትክክል አይገጥሙም። በ1/250፣ በ1/60 እና በ1/15 ሰከንድ የሚነሡ ሦስት ምስሎች በየሁለት ስቶፑ የሚራራቁ በመሆናቸው ለብዙ ማለዳ ይበቃሉ፤ ዋናው ቁም ነገር በጣም ጨለማው ምስል ላይ የሰማዩ ዝርዝር መትረፉን፣ የብርሃን ስርጭትን በግራፍ በሚያሳየው ሂስቶግራም ማረጋገጥ ነው። ነፋስ ግን ሌላ ፈተና ነው። ከፊት ያለው የጓሳ ሣር በሦስቱም ምስሎች ቦታውን ስለሚቀይር፣ ሲዋሐዱ እንደ ጥላ የተደራረበ ብዥታ ይፈጥራል፤ ግንዱ የጠናው ጅብራ በአንጻሩ ብዙም ስለማይነቃነቅ ለምስሉ የፊት ክፍል ከሣሩ ይሻላል።

ብዙው ሥራ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ፣ የተዋሐደው ሰፊ ብርሃን ስክሪንና ወረቀት ሊያሳዩት ወደሚችሉት ጠባብ ስፋት በሚጨመቅበት፣ ቶን ማፒንግ በተባለው ደረጃ ነው። ጥላውን የማንሣት ሥልጣን በእጁ የገባለት ጀማሪ እያንዳንዱን ስንጥቅ እስኪያይ ድረስ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ በገደሉ ጠርዝ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ይወጣል፣ አለቱም ፀሐይ ሳትነካው ፀሐይ የመታው ይመስላል። የገደሉን ጥልቀት ለዓይን የሚነግረው ጥላው ነውና፣ ጥላውን ማጥፋት ተራራውን ዝቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ ገደሉ ምንም ያህል ቢነሣ ከሰማዩ ጨልሞ መቅረት ይኖርበታል፤ ሰማዩን የሚስተካከል ጥላ በማንኛውም ማለዳ አይታይም።

ጉም በሸፈነው ቀን ብርሃኑ ስለሚለዝብ የሂስቶግራሙ ሁለት ጫፎች አይነኩም፤ በእንዲህ ያለ ቀን አንድ የሮው ቀረጻ፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብር ያስቀመጠው ጥሬ ፋይል፣ ከሦስት የተዋሐዱ ምስሎች የተሻለ ውጤት ይሰጣል።