የስለቱ ዕድሜና የእጀታው ዕድሜ
የወሎን ጥንታዊ የጦር መሣሪያዎች ስለ መለየት፣ ዘመናቸውን ስለ መወሰንና ዋጋቸውን ስለ መገመት

ጫፉ ወደ ፊት የተቀለበሰ አሮጌ ደጋን የገዛ አሜሪካዊ ሰብሳቢ፣ ደጋኑ ቀድሞ በሚሺጋን የነበረው የቤር አርቸሪ ሥራ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚመለከተው መያዣው ላይ የተለበጠችውን ሳንቲም መሰል ምልክት ነው። ፋብሪካው የምልክቷን ብረት በየጊዜው ስለለዋወጠ ብረቱ ዘመኑን ይጠቁማል። ከዚያ ተከታታይ ቁጥሩን ያነባል፤ እንጨቱ ተፍቆ እንደገና ተቀብቶ ካገኘው ደግሞ ዋጋውን ይቀንሳል። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ዕቃ አንድ የልደት ቀን አለው፣ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ለውጥ ሁሉ ጉዳት ነው የሚል እምነት ነው። ይህ ሚዛን ለፋብሪካ ዕቃ ያገለግል ይሆናል። ችግሩ የኢትዮጵያን ጎራዴና ጋሻ የሚገምቱ የውጭ አጫራቾችና ሰብሳቢዎችም በዚሁ ሚዛን መጠቀማቸው ነው።

በሰሜን ወሎ ደጋን የጦረኛ መለያ ሆኖ አልዘለቀም፤ እስከ ቅርብ ዘመን ያቆዩት እንደ ጉሙዝ ያሉ የምዕራብ ቆላ ሕዝቦች ናቸው። ወልድያን፣ መርሳንና ሀብሩን የሚያቅፈው የየጁ አገር የሚታወቀው በፈረሰኛው፣ በጦሩና በጋሻው ነበር። በ1823 ዓ.ም. ደብረ ዓባይ ላይ የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በነፍጥ ብዛት ቢበልጡም፣ ድሉ የየጁው ራስ ማርዬ ፈረሰኞች ሆኗል፤ ራስ ማርዬ ራሳቸው ግን እዚያው ወድቀዋል። ስለዚህ የአካባቢውን የመሣሪያ ታሪክ ከጠመንጃ መጀመር የለብንም፤ ከጋሻና ከጎራዴ እንጂ።

ጎራዴውን ከአፎቱ ስናወጣው የመጀመሪያው እንቆቅልሽ ይገጥመናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ አገር ውስጥ ከገባው ስለት ብዙው የአውሮፓ ሥራ ነው፤ የጀርመኗ ዞሊንገን በዚህ ትታወቃለች። እጀታውና አፎቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአገር ባለሙያ እጅ ናቸው። ስለቱ አርጅቶ እጀታው ሲሰበር ሌላ ቀንድ ይገባለታል፤ ባለቤቱ ሲሾም ብር ይለበጥበታል፤ ልጁ ሲወርሰው አፎቱ በአዲስ ቆዳ ይሰፋል። እንዲህ ያለው ጎራዴ ቢያንስ ሦስት ዕድሜ አለው። የስለቱ ማኅተም የሚነግረን ጎራዴው ከዚያ ወዲህ እንጂ ከዚያ በፊት እንዳልተገጣጠመ ብቻ ነው። የተገጣጠመበትን ጊዜ ለማወቅ ከክፍሎቹ መካከል መጨረሻ የገባውን መፈለግ ያስፈልጋል። ሰብሳቢው «እጀታው ኋላ የገባ ነው» ብሎ ዋጋ ሲቀንስ፣ ጎራዴው ወሎዬ የሆነበትን ቀን መቀነሱ ነው።

ጽሑፍ ካለበት ሥራው ይቀላል፤ ማዕረግ ሰዓት ነውና። ምኒልክን «ንጉሠ ነገሥት» የሚል ስለት በአብዛኛው ከ1881 ዓ.ም. አይቀድምም። ለወሎ ከዚህም የጠበበ መለኪያ አለን። ኢማም መሐመድ አሊ ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በግንቦት 1906 ነገሡ፤ በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። እንግዲህ «ንጉሥ ሚካኤል» የሚል ሽልማት ቢገኝ፣ ጽሑፉ የዚያው ዘመን እስከሆነ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ይወድቃል። የፋብሪካ ቁጥር እንኳ ሁልጊዜ ይህን ያህል አያጠብም። «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ግን ብቻውን ብዙም አይረዳም፤ ከአንድ ንጉሥ በላይ ተጠቅሞበታልና።

ብሩ ደግሞ ያታልላል። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ መቼም ይመታ መቼ 1780 የሚል ቁጥር ይዞ ነው የሚወጣው። ጋሻ ላይ ወይም የፈረስ ዕቃ ላይ ጠገራ ተሰክቶ ያየ ሰው «የ18ኛው ክፍለ ዘመን» ብሎ ቢጽፍ፣ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። ከቁጥሩ ይልቅ የጋሻው ውስጥ ይታመናል። ለዓመታት በእጅ የተያዘ ማንገቻ በላብ ይጠቁራል፣ ጠርዙ ይለሰልሳል። ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ ጋሻ ፊቱ በናስ ያብረቀርቃል፤ ጀርባውን ሲያዞሩት ግን ማንም እንዳልያዘው ይታወቃል። ሻጮች ፊቱን ብቻ እያሳዩ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ስለ ጠመንጃ ባጭሩ ልለፍ። ውጅግራ በተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ላይ የሚነበበው 1874 የሞዴሉ ዓመት እንጂ የተሠራበት አይደለም። ፈረንሳይ በ1886 (እ.ኤ.አ.) ሌበል የተባለውን አዲስ ጠመንጃ ከተቀበለች በኋላ ውጅግራ ትርፍ ሆኖ ተሸጧል፤ ስለዚህ በተሠራበትና እዚህ በደረሰበት ጊዜ መካከል ብዙ ዓመት ሊኖር ይችላል። «አያቴ ከዓድዋ የማረከው» የሚባል የጣልያን ጠመንጃም መመርመር አለበት። ዓድዋ ላይ አብዛኛው የጣልያን ጦር የያዘው ቬተርሊ ነበር። ጠመንጃው ኋላ የመጣው ካርካኖ ሆኖ XIV የሚል የሮማ ቁጥር ካለበት፣ ያ በፋሽስቶች አቆጣጠር እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1936 ያለው ዓመት ነው፤ ከዓድዋ አርባ ዓመት ይርቃል። ይህ አያትየውን አያሳንስም፤ ምናልባት ጀብዱው የአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ነው። ከጣልያን እጅ የመጣ ሁሉ ምርኮ ነው ማለትም አይቻልም። ከመርሳ በስተ ደቡብ፣ በደሴ መንገድ ላይ ባለችው ውጫሌ በ1881 ውል ከመፈረሙ በፊት ጣልያን ራሷ ለምኒልክ ጠመንጃ ሰጥታ ነበር።

ዋጋውስ? ባለቅኔው አርቱር ሬምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ ሁለት ሺህ ያህል ያረጁ ጠመንጃዎች ጭኖ እንጦጦ ሲደርስ፣ ምኒልክ ዋጋውን ሰብረው፣ የሟች ሸሪኩንም ዕዳ ቀንሰው ተቀበሉት። የዋጋ ግምት የዕቃው ባሕርይ ብቻ ሳይሆን የሁለቱ ወገኖች ጉልበት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የኢትዮጵያ ቅርስ በውጭ ሰዎች መካከል በስፋት የተጫረተበት አንዱ ቀደምት ስፍራም እዚሁ ወሎ ነው። በሚያዝያ 1860 እንግሊዞች መቅደላን ዘርፈው ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ አወረዱት፤ ለሁለት ቀን ተጫረቱበት፤ 5,000 ፓውንድ ያህል ተገኝቶ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ ከዚያ ዘረፋ የወጣ አንድ ጋሻ በእንግሊዟ ኒውካስል ለጨረታ ቀረበ። ግምቱ ከ800 እስከ 1,200 ፓውንድ ነበር። ኢትዮጵያ ስትቃወም ከጨረታው ወጣ፤ ሮያል ኢትዮጵያን ትረስት ተረክቦ በዚያው ዓመት ማብቂያ አዲስ አበባ አስገባው።

ግምቱ አስቂኝ ቢመስልም በራሱ ሚዛን ትክክል ነበር፤ አጫራቹ የመዘነው ቆዳና ብረት ነው። በኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅ (ቁጥር 209/1992) ዓይን ግን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር የማይወጣ ነገር ነው። የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ያለው ጎራዴም እንዲሁ ሁለት ሚዛን ያጋጥመዋል፦ በቤተሰቡ ዘንድ ያ ቀንድ የክብሩ ዋና ምልክት ነው፤ በዓለም ገበያ ግን የአውራሪስ ቀንድ ንግድ በጥብቅ የተገደበ ስለሆነ ያለ ልዩ ፈቃድ ሊያስቀጣ የሚችል ዕቃ ነው።

የመቅደላው ጋሻ ላይ የተቀረጸ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፤ የቦታውን ስምና ኤፕሪል 13 ቀን 1868ን (እ.ኤ.አ.) ይጠቅሳል። ቀራጩ ዘራፊው ወገን ነው፤ ደጋን ሰብሳቢው ቢሆን እንደ ጭረት ቆጥሮ ዋጋ ይቀንስበት ነበር። ለእኛ ግን ጋሻው የት፣ በየትኛው ቀን እንደተወሰደ የሚመሰክር ሰነድ ያው ጽሑፍ ነው።