«የወተት አሲድ» ወይስ ላክቴት? በአንድ የሕክምና ሐረግ አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሒስ

ሐኪሞች በጽኑ የታመመ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት በደሙ ውስጥ ያለውን የላክቴት መጠን ይለካሉ። ይህን ሐሳብ በአማርኛ ለመግለጽ የሚነሣ ተርጓሚ በቅድሚያ በስሙ ይሰናከላል።

«የወተት አሲድ» የሚለው አቻ የላቲኑን ሥርወ ቃል ጠብቋል። ስዊድናዊው ሼሌ በ1780 እ.ኤ.አ. ቅመሙን ያገኘው ከጎመዘዘ ወተት ነበርና ስያሜው በጊዜው ትክክል ነበረ። ጀርመናዊው ሼረር በ1843 እ.ኤ.አ. በወሊድ ትኩሳት በሞቱ ሴቶች ደም ውስጥ ሲያገኘው ግን ከወተት ጋር የነበረው ዝምድና ተቋርጧል፤ ሰውነት ራሱ ከስኳር የሚሠራው፣ ይልቁንም ኦክሲጅን ሲያጥረው የሚያበዛው ነውና። በምሥራቅ ጎጃም፣ በጉንደ ወይን የሚኖር አስታማሚ «በደሙ የወተት አሲድ በዝቷል» ቢባል ምን ይረዳል? እርጎና አሬራ በሚታወቅበት አገር መልሱ ሩቅ አይደለም፤ በሽተኛውን ወተት ይከለክለዋል። «የደም ስኳር» የተሳካ አቻ የሆነው በደም ያለው በእርግጥ ስኳር ስለ ሆነ ነው (የሸንኮራው ዐይነት ባይሆንም)። ስለዚህ «ላክቴት» እንዳለ ቢወሰድ እንመርጣለን። «ላክቲክ አሲድ»ም ቢሆን አይስማማንም፤ በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሃይድሮጅኑን የለቀቀው መልኩ ነው።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስበን «ተንባይ» የሚለው ቃል ነው። ዌይልና አፊፊ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ የደም ዝውውራቸው በተዳከመ በሽተኞች ላይ የላክቴት መጠን በሊትር ከ2.1 ወደ 8 ሚሊሞል ሲያድግ፣ የመትረፍ ዕድል ግምት ከመቶ 90 ወደ 10 ማሽቆልቆሉን አሳይተዋል። ይህ ግምት ነው፤ ትንቢት ግን በአማርኛ የማይቀር ነገር ነው። ላክቴት አድሬናሊን ሲበዛም፣ ጉበት ሲደክምም ይጨምራል፤ ሕክምናው ሲሠምር ሊወርድ ስለሚችልም ሐኪሞች ደጋግመው ይለኩታል። «ተንባይ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ከመቶ የተረፉትን 10 ሰዎች ከቃሉ አስወጥቷቸዋል፤ ዘመዶቻቸውንም ለቅሶ እንዲቀመጡ አዝዟል። «አመልካች» ብቻውን ደግሞ የወደፊቱን አያሳይም። «የመትረፍ ዕድል ጠቋሚ» ቢረዝምም ሐሳቡን ይይዛል እንላለን።

«ጽኑ ሕሙማን» የሚለውም ሐረግ ሳይነካ አይታለፍ። የጸናው ሕመሙ እንጂ ሕመምተኛው አይደለም፤ ሕዝቡ «ሕመሙ ጸናበት» ሲል ሰዋስዉን ጠብቋል። በሆስፒታል በር ላይ የተጻፈውን ስም መለወጥ ባይቻል እንኳ፣ በጽሑፍ «ሕመም የጸናባቸው» ማለት ይቻላል።