ላም ባልዋለበት አይብ ለቀማ

ባለፈው ክረምት እናቴ ለሕክምና ከጋይንት መጥታ እኔ ዘንድ ሰንብታ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶ ተቀምጠናል። ነጭ ሽርጥ ያሸረጠ ወጣት ለቤተሰብ የሚሆኑ ልዩ ልዩ ምግቦችን በአይብ ያዘጋጃል። ጎመን ከተፈ፤ አይብ ጨመረበት። ድንች ቀቅሎ ፈጨ፤ አይብ ጨመረበት። ላዛኛ ደረደረ፤ በየድርቡ አይብ ነሰነሰበት። በመጨረሻም አንድ ኪሎ አይብ ለአምስት ሰው እንደሚበቃ ነግሮን ፈገግ አለ። እናቴ እስከዚያ ድረስ ሲኒዋን ይዛ በዝምታ ስታይ ቆየችና፣

«ልጄ፣ ይኸ ልጅ ስንት ላም አለው?» አለችኝ።

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። የምሯን ነበር የጠየቀችው።

በአገራችን ስለ ምግብ የሚጻፈውና የሚነገረው እየበዛ ነው። መጻሕፍቱ ያምራሉ፤ ፎቶግራፎቹ ምራቅ ያስውጣሉ። ሂስ ግን ሲቀርብባቸው አይታይም። ልብ ወለድ በታተመ ቁጥር ገጸ ባሕርያቱ እውነት ይመስላሉ አይመስሉም ብለን እንከራከራለን። የምግብ መጽሐፍ ሲታተም ግን የጓዳ ጉዳይ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔ የእናቴን ጥያቄ እንደ ሁነኛ ሂስ ልወስደው ወደድሁ። የምግብ አዘገጃጀት ጽሑፍም እንደ ልብ ወለድ የራሱ ዓለም አለው። ያ ዓለም ላም አለችበት ወይስ የለችበትም?

እስቲ እናስላው። የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ሀብት ማዕከል፣ በተለምዶ ስሙ ኢልካ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ፍራንክ ኦማሆኒ የጻፈውን የገጠር ወተት አያያዝ መመሪያ አሳትሞ ነበር። እዚያ እንደተመለከተው አንድ ኪሎ አይብ ለማግኘት 8 ሊትር ያህል ወተት ያስፈልጋል። ያገራችን ላም ደግሞ በአማካይ የምትታለበው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ ያ ወጣት በአንድ ከሰዓት የነሰነሰው አይብ አንዲት ጥገት ከአምስት ቀን በላይ የምትታለበው ወተት ነው። እሱም ጥጃዋ ድርሻዋን ጠብታ፣ ሳሩ ለምልሞ፣ ከወተቱም አንድም ኩባያ ለሕፃን ሳይቀዳለት ነው። በእናቴ ዘንድ «አንድ ኪሎ አይብ» ማለት ሚዛን ላይ የሚወጣ ዕቃ ሳይሆን የአንድ ሳምንት ገደማ ሥራ ነው።

የእናቴ አገር ከጉና ተራራ ትከሻ ጀምሮ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው አገር ነው። እሷ የእስቴ ልጅ ናት፤ የተዳረችው ጋይንት፣ እኅቷ ደግሞ ስማዳ። ደጋው ገብስና ድንች፣ ወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ ቆላው ማሽላ ያበቅላል። በከተማ ሰው ጆሮ ግን ይህ አገር የሚነሣው ስለ እህል እጥረት ሲወራ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን አቅፏል። ስለ አገሩ ዘገባ የሚጽፍ አላጣንም። ምን ዓይነት ወጥ ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ግን እኔ አላጋጠመኝም። የቸገረው አገር ሰው የሚበላውን እንጂ አበሳሰሉን የሚያውቅ አይመስለንም። የዚህ ጽሑፍ ጭቅጭቅ ከዚህ ጋር ነው።

በልጅነቴ ቤታችን አንዲት ጥገት ከታጣች የከፋ ዘመን ነው፤ ሁለት ከተገኙ ጥጋብ ነው። እናቴ የወተቱን ዕቃ በወይራ ታጥናለች። የየዕለቱን ወተት እዚያው እያጠራቀመች ታረጋዋለች። ረቡዕና ዓርብም ላሚቱ ትታለባለች፤ የሚጾመው ሰው እንጂ ላም አይደለችም። እርጎው ሲደርስ ይገፋል። ቅቤው ወጥቶ በቅጠል ተጠቅልሎ ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ጨውና ጋዝ፣ የእኛም ደብተር የሚገዛው በእሱ ነው። አሬራው ከምድጃው ጥግ፣ ከረመጥ አጠገብ ይቀመጣል። እሳቱ ከበረታ አይቡ ይጠነክራል፤ ከላላ አይለይም። እናቴ ቴርሞሜትር አይታ አታውቅም፤ የዕቃውን ሆድ በመዳፏ ዳሳ «ደረሰ» ትላለች። ከዚያ አይቡ ይጠለላል፤ የሚቀረው አጓቱ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አይቡ በወጣበት ዕለት ለብ እንዳለ፣ ትንሽ ጨው ብቻ ነክቶት፣ ከገብስ እንጀራ ጋር ለትናንሾቹ ይቀርባል። በማግስቱ ረጋ ሲል ጎመን ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ አንድ ጭብጥ አይብ ለሰባት ሰው ይዳረሳል። በሦስተኛው ቀን መኮምጠጥ ሲጀምር በአዋዜ ይታሻል፤ ያ የአራሹ ነው፤ ከትኩስ ቅቅል ድንች ጋር ማሳ ድረስ ይወሰድለታል። እንግዳ ከመጣ ሁሉም ይሰረዝና ለእሱ ይተርፋል። በዓል ከሆነ ከዶሮው ወጥ ጎን ለማብረጃ ይቀመጣል። አይቡ አንድ ሲሆን ምግቡ አምስት ነው። የሚለያየው በቅመም አይደለም፤ በቀኑና በሚበላው ሰው ነው። እናቴ «ዛሬ ምን ልሥራ?» ስትል «ዛሬ አይቡ ስንተኛ ቀኑ ነው? ማንስ ደክሞት ገባ?» ማለቷ ነበር።

ይህን ይዤ ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ። የኦማሆኒ መመሪያ ወተቱን በመቁጠር አይታማም። የአይቡን ውኃ፣ ፕሮቲንና ስብ በመቶኛ ያስቀምጣል፤ ሲሞቅ ስንት ዲግሪ መድረስ እንዳለበት ይናገራል። ኢልካ በሸክላው መግፊያ ውስጥ የሚገባ የእንጨት ማማሰያ ሠርቶ የመግፊያውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ማሳጠሩንና የቅቤውን ምርት ማሳደጉንም ይተርካል። የሴትን ክንድ ያሳረፈ ሥራ ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ስቡ ወደ ቅቤው በሄደ መጠን አይቡ ይሳሳል። ቅቤው የገበያ፣ አይቡ የልጆች ከሆነ፣ የተሻሻለው መግፊያ ከልጆቹ ገበታ ወደ ገበያው ጥቂት ስብ አሻግሯል ማለት ነው። መመሪያው ወተቱን ሲቆጥር የሚበላውን ሰው አልቆጠረም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የታተመው የዳንኤል ጆቴ መስፍን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። በውጭ አገር ላለው ኢትዮጵያዊ የእናቱን ጓዳ ያስታወሰ መጽሐፍ በመሆኑ ውለታው ትልቅ ነው። ርእሱ ግን የኢትዮጵያን ምግብ «ኤግዞቲክ» ይለዋል። ለማን ነው እንግዳ የሆነው? ምግባችንን ከሩቅ ሆኖ በሚያይ ሰው ዓይን ማየት የጀመርነው በዚያ ቃል ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ በአገር ቤት ያሉት የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ሳይቀሩ ጎመን በአይብን የሚያስተዋውቁን እንደ ቱሪስት ነው።

ሦስተኛው የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ ነው። ማካን የሴቶችን ማብሰል እንደ ዕውቀት፣ እንደ ታሪክ ምንጭ ቆጥሮታል፤ በዚህ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የኢትዮጵያን ነገር ሲጽፍ ግን ዐቢይ ትዕይንቱ እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ በ1880 ዓ.ም. ያደረጉት ታላቅ ግብር ነው። የአንድ አገር ምግብ በግብር ላይ ሲታይ የሚጎላው ብዛቱ ነው። ጥበብ ግን ትንሹን ማብቃቃትም ነው፤ እሱን ግብር ቤት አያሳየንም።

«የከተማ ሰው አይብ ገዝቶ ነው የሚበላ፤ የላም ቆጠራ ምን ያደርግለታል?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ምግቡ ይለያይ፣ አዲስ ነገር ይሞከር ባይ ነኝ። ጣሊያኖች ከአይብ አጓት የሚያወጡት ሪኮታ የአይባችን የሩቅ ዘመድ ነው፤ በፓስታ ውስጥም በጣፋጭ ውስጥም ይገባል። ሕንዶች ወተቱን አሙቀው በአሲድ የሚያረጉትን ፓኒር ከስፒናች ጋር ይሠሩታል፤ ለጎመን በአይብ የአክስት ልጅ ነው። ስለዚህ አይብን ላዛኛ ውስጥ መክተት ነውር የለበትም። ነውሩ የአይቡን ጠባይ ሳያውቁ እንደ ፒሳ ቺዝ እንዲቀልጥና እንዲለጠጥ መጠበቅ ነው። አይብ አይቀልጥም፤ ይፈረፈራል። ሦስተኛ ቀኑን የያዘ አይብ ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን አይብ አይተካም። የጋይንቷ እማወራ ይህን ታውቃለች። ላም የሌለችበት መጽሐፍ ይህ ዕውቀትም የለበትም። ባለ ሥዕሉ ገጽ ላይ የምናየው ብዛት «ላም አለኝ በሰማይ» ዓይነት ብዛት ነው።

ከምግብ መጽሐፍ የምሻው ብዙ አይደለም። «ግማሽ ኪሎ አይብ» ካለ ከስንት ሊትር ወተት እንደሚገኝ በአንድ መስመር ያክልልኝ። አይቡ ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ይንገረኝ። የሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ቤት ያን ጊዜ ወተቱን ምን እንደሚያደርገው ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ ወገዳ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ወርዶ ከጉልቻው አጠገብ ይቀመጥ። የሚያስተምሩት አሉ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የራሴን ጉድለት መሸሸግ አልችልም። በዚያ ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ ከተዘጋ በኋላ እናቴን፣ «እማዬ፣ አንቺ ከአይቡ የምትበይው በስንተኛው ቀን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። ለትናንሾቹ የሚሰጠውን፣ ለአራሹ የሚሄደውን፣ ለእንግዳው የሚተርፈውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ የእሷን ግን ፈልጌ አጣሁት።

«አጓቱ አለ አይደል እንዴ?» አለችኝ፣ ምን እንደጠየቅኋት እንኳ ግራ እየገባት።

ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ላም ካላቸው ጎረቤት አራት ሊትር ወተት ገዛሁ። አረጋችው፤ በፕላስቲክ ጀሪካን ገፋችው፤ አሬራውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አድርጋ እየደጋገመች በመዳፏ ዳሰሰችው። የወጣው አይብ ከአንድ ጎድጓዳ ሳህን አላለፈም። ለልጆቼ አወጣች፤ ለባለቤቴ አወጣች፤ ለእኔም አወጣች። አጓቱን በብርጭቆ ቀድታ ልትቀመጥ ስትል ሳህኔን ወደ እሷ ገፋ አደረግሁት። ተግደረደረች፤ ተለማመንን፤ በመጨረሻ በላች።

«ጨው አንሶታል» አለች።